ችካሉ ከመተከሉ በፊት፦ አውራ መንገድ ሲያድግ መስመሩን ከነዋሪው ጋር የመምረጫ መመሪያ

የጠጠር መንገዱ አስፋልት ሊሆን ነው ሲባል ደስ የማይለው የለም። ነፍሰ ጡር በሰዓቱ ሆስፒታል ትደርሳለች። ሽንኩርትና ቲማቲም መንገድ ላይ ሳይበላሽ ገበያ ይገባል። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚቋረጠው ሚኒባስ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል። ከዚያ ቀያሾች ይመጣሉ። አንዱ ጓሮ ውስጥ፣ ሌላው ማሳ መሃል ችካል ይተከላል። ሰው መጠየቅ የሚጀምረው ያኔ ነው። ያኔ ደግሞ ዲዛይኑ አልቋል፣ በጀቱ ተይዟል፣ ኮንትራክተሩም ማሽኑን እየጫነ ነው።

ሕዝብን ማማከር የሚባለው መስመሩ ገና መነቃነቅ በሚችልበት ጊዜ የሚደረግ ውይይት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ለማሳወቅ ይጠቅማል። ምክክር ብሎ መጥራት ግን ሰውን መሸንገል ነው።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ወገን ነው። አንዱ በወረዳ፣ በዞን ወይም በአማካሪ ድርጅት ተቀምጦ ነዋሪውን የማወያየት ሥራ የተሰጠው ባለሙያ ነው። ሌላው መንገዱ በደጁ የሚያልፍበት ሰው ነው። ባለሙያው ምን መሥራት እንዳለበት ነዋሪው ካወቀ፣ ሳይሠራ ሲቀር መጠየቅ ይችላል።

ሕጉም ከዚህ ጎን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92 በአካባቢ ጉዳይ ይህንኑ ይደግማል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮጀክት ምክንያት የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ እንዲያገኝ ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ስለዚህ ሪፖርቱን ለማየት የሚጠይቅ ሰው ውለታ እየለመነ አይደለም።

1. መጀመሪያ የት ደረጃ ላይ እንዳላችሁ እወቁ

አንድ የመንገድ ፕሮጀክት በተለምዶ የአዋጭነት ጥናት፣ የመጀመሪያ ዲዛይን፣ ዝርዝር ዲዛይን፣ ጨረታና ግንባታ ብሎ ይሄዳል። ስለ መስመሩ የሚሰጥ ሐሳብ ትልቅ ክብደት የሚኖረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ነው። በዝርዝር ዲዛይን ላይ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ፣ መታጠፊያ፣ መሻገሪያና የአውቶቡስ መቆሚያ ይስተካከላሉ እንጂ መስመሩ ከኮረብታው ወዲያ ማዶ አይዛወርም። ጨረታ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ ዋጋ ይጨምራል፣ ጊዜም ይበላል።

አንዳንድ ውሎች ዲዛይንና ግንባታን አንድ ላይ ለኮንትራክተር ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ንቁ። መንገዱን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ውሉን ሳይፈራረም ነዋሪውን ካላነጋገረ፣ ኮንትራክተሩ የሚመርጠው ለእሱ የሚቀለውን መስመር ነው።

ነዋሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ አጭር ደብዳቤ ነው። በቀበሌው በኩል ወይም በቀጥታ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ የክልል መንገድ ከሆነም ለክልሉ መንገድ ቢሮ ጻፉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጥናቱ የት ደርሷል? አማካሪው ማን ነው? የሕዝብ ውይይቱ መቼ ነው? ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት፤ ቅጂው እናንተ ጋ ይቅር።

2. የሚነቃነቀውንና የማይነቃነቀውን ለዩ

ውይይት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሰው ሊለወጥ በማይችል ነገር ላይ ሲከራከር ውሎ ሊለወጥ የሚችለውን ሳያነሳ ሲበተን ነው። ባለሙያው አስቀድሞ በግልጽ ይናገር።

መንገዱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስና ደረጃው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተወስኗል። የመታጠፊያዎቹ ስፋት ደግሞ በፍጥነት ይወሰናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚታሰብ መንገድ የአንድ መታጠፊያ ራዲየስ ቢያንስ ከ110 እስከ 130 ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ፍጥነቱ 100 ሲሆን 400 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህን ለሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። «የእኔን ቤት ብቻ ዞር ብሎ ይለፍ» የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መስመሩ 20 ሜትር ሲገፋ ከላይና ከታች በብዙ መቶ ሜትር ርቀት ሌላ ቤት፣ ሌላ ማሳ ይነካል። ይህን በሥዕል ሲያየው ይገባዋል። «ዲዛይኑ አይፈቅድም» ብቻ ተብሎ ሲመለስ ግን የተደበቀ ነገር ያለ ይመስለዋል። ቢጠረጥርም አይፈረድበትም።

የሚነቃነቁት ብዙ ናቸው፦ መንገዱ ከተማውን ሰንጥቆ ይለፍ ወይስ በዳር፤ በመካነ መቃብሩ በላይ ወይስ በታች፤ የከብት መሻገሪያ የት ይሁን፤ ውሃ በየት ይለቀቅ፤ ገረጋንቲ (ለመንገድ መሙያ የሚሆን ጠጠራማ አፈር) ከማን ማሳ ይነሳ፤ የድንጋይ ካባ የት ይከፈት።

3. ቢያንስ ሁለት አማራጭ ይዛችሁ ቅረቡ

አንድ መስመር ብቻ ይዞ «ምን ትላላችሁ?» ማለት መጠየቅ አይደለም። ከነባሩ መንገድ ሳይወጣ የሚሄድ አንድ አማራጭ፣ በአስቸጋሪ ቦታዎች ብቻ የሚወጣ ሌላ አማራጭ ይኑር። ከተማ ካለ ደግሞ ከተማውን በዳር የሚዞር የማለፊያ መንገድ ይጨመር። ለእያንዳንዱ ስንት ቤት እንደሚነካ፣ ስንት ሄክታር እርሻ እንደሚሄድ፣ ወጪው በግምት ስንት እንደሆነ አብሮ ይቅረብ።

ከባዱ ጥያቄ የከተማው ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞቻችን መንገድ ተከትለው የበቀሉ ናቸው። አውራ መንገዱ ዋና ጎዳናቸው ነው። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅና ከባድ መኪናው አንድ ላይ ይጋፉበታል። መንገዱ ሲስተካከል ፍጥነት ይጨምራል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና የተገጨ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ በ60 ሲሆን የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይወርዳል። በሌላ በኩል መንገዱ ከከተማው ሲወጣ የቡና ቤቱ፣ የምግብ ቤቱ፣ የጎሚስታውና በጉልት የምትሸጠው እናት ገቢ ይቀንሳል።

ለሁሉም የሚሆን መልስ የለም። የእኔ ምርጫ ግን ይኸው። የሚያልፈው ከባድ መኪና ብዙ ከሆነና ከተማው እያደገ ከሆነ፣ ቀረብ ያለ ማለፊያ ይሠራ። ነባሩ ጎዳና ለከተማው ይተው፤ መግቢያና መውጫው ላይ ለነጋዴው ቦታ ይዘጋጅ። ከተማ አስተዳደሩም በማለፊያው ዳር የግንባታ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከወዲሁ በቃለ ጉባኤ ይስማማ። ይህ ካልሆነ ማለፊያው ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጎዳና ይሆናል፤ ልጆቹም ተመልሰው አደጋ ላይ ናቸው። የሚያልፈው መኪና ጥቂት ከሆነ ደግሞ መንገዱ እዚያው በከተማው ውስጥ ይለፍ። ግን ሰፊ የእግረኛ መሄጃና ፍጥነት መቀነሻ ይኑረው።

የፍጥነት መንገድ ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድም ሆነ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ እንዲዘረጋ የታቀደው 200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግራና ቀኙ የታጠረ፣ በተወሰነ በር ብቻ የሚገባበት ነው። ነባሩ የመቂ፣ የባቱ፣ የሻሸመኔ መንገድ እዚያው ለከተሞቹ ቀርቷል። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነዋሪው አጥብቆ መጠየቅ ያለበት በሥሩ ወይም በላዩ የሚሻገርበትን ቦታ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ቤቱ፣ ከአጥሩ ወዲያ ግጦሹና የውሃ ጉድጓዱ ያለ ሰው በየቀኑ ስንት ኪሎ ሜትር ዞሮ ይሂድ? መሻገሪያው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለከብትና ለጋሪም የሚበቃ ይሁን።

4. ማን እንደቀረ ፈልጉ

የቀበሌ ሊቀመንበሩን፣ የሃይማኖት አባቶችን፣ የአገር ሽማግሌዎችንና የዕድር ዳኞችን መጥራት ቀላል ነው። መጠራትም አለባቸው። ችግሩ እነሱ ከመጡ ሁሉም የመጣ መምሰሉ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሱት በመሬት መዝገብ ላይ ስማቸው የሌለ ሰዎች ናቸው። የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ገበሬ፣ ቤት ተከራይቶ የሚሠራ ፀጉር አስተካካይ፣ በዳር የምትሸጥ ጉልተኛ፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት፣ በበጋ ብቻ ከብቱን ይዞ የሚወርድ አርብቶ አደር። የዕለት ገቢያቸው ከመንገዱ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የካሳ ዝርዝር ሲሠራ ግን ማንም አያያቸውም።

ሴቶችን ለብቻ አወያዩ፤ አወያይዋም ሴት ትሁን። ወንዶች ባሉበት ዝም ያለችው እናት ለብቻዋ ስትጠየቅ ምንጩ የት እንዳለ፣ ወፍጮ ቤት በየት እንደሚሄዱ፣ ሴት ልጆች በምሽት የትኛውን ጥግ እንደሚፈሩ ትናገራለች። በብዙ ቦታ የይዞታ ደብተሩ በባልና ሚስት ስም ነው። ስለዚህ ፊርማውም የሁለቱ፣ የካሳውም ወሬ የሁለቱ ይሁን።

ቋንቋም አስቡበት። ሰው አፉን በፈታበት ቋንቋ ካልተናገረ ግማሹን ይውጠዋል።

5. ቀኑን በገበሬው አቆጣጠር ምረጡ

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ሰኔና ሐምሌ ዘር ነው። በእነዚህ ወራት የተጠራ ስብሰባ ላይ የሚመጣው ሥራ የሌለው ብቻ ነው። ጥርና የካቲት ምቹ ናቸው። በክርስቲያኑ አካባቢ እንደ ሚካኤል ወይም ማርያም ባለው፣ ሞፈር በማይነሳበት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሰው በቀላሉ ይሰበሰባል። በሙስሊሙ አካባቢ የጁምዓ ሶላት ሰዓት እንዳይነካ። የገበያ ቀን ደግሞ ለስብሰባ አይመችም፤ ካርታ ዘርግቶ በድንኳን ሥር አላፊ አግዳሚውን ለማነጋገር ግን ከሱ የተሻለ የለም።

ለሴቶች ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ይሻላል። ውሃ ተቀድቷል፣ ምሳ ገና ነው።

6. መስመሩን አብራችሁ በእግር ሂዱ

ከሁሉም እርምጃ ይህን አትዝለሉ። አዳራሽ ውስጥ ካርታ ሲዘረጋ ብዙ ሰው በትህትና ራሱን ይነቀንቃል። ሜዳ ላይ ሲወጣ ግን «ቆይ፣ እዚህ ጋማ አይሆንም» ይላል።

የመንገዱን ክልል (ለመንገዱ የሚያዘውን መሬት ወሰን) መሬት ላይ አሳዩ። እንደ ደረጃው ጠቅላላው ስፋት 30 ወይም 50 ሜትር ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጥር በቃል ብትነግሩት ማንም ልብ አይለውም። መሃሉን በችካል፣ ሁለቱን ጠርዝ በኖራ አስምሩ። ስፋቱ 50 ሜትር ከሆነ 25 ሜትር ወዲህ፣ 25 ሜትር ወዲያ። ሰውየው ነጩ መስመር በባሕር ዛፉ አልፎ በጎተራው በኩል ሲሄድ ሲያይ፣ ያን ጊዜ እውነተኛው ጥያቄ ይመጣል። ኖራው በዝናብ ይለቃል፤ ማንንም አያስርም። በኮንክሪት የተተከለ ምልክት ግን አስፈራርቶ ያሰናብታል።

ከዚያ ስለ ውሃ ጠይቁ። «አባቴ፣ ክረምት ላይ ይሄ ሁሉ ውሃ በየት ይወርዳል?» በሉ፤ መልሱንም በእግራችሁ ተከተሉት። በደጋው አገራችን መንገድ ከሚያደርሰው ጉዳት አንዱና ትልቁ ይኸው ነው። ድሮ በተዳፋቱ ላይ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ በመንገዱ ዳር ቦይ ይሰበሰባል። ከዚያ በአንድ ቱቦ አፍ ተጠራቅሞ ይለቀቃል። ቱቦው ሥር ያለው ማሳ በመጀመሪያው ክረምት ይሸረሸራል። ከዓመት ዓመት ሰው የሚውጥ ቦረቦር ይሆናል። ማሳው ከመንገዱ ክልል ውጭ ስለሆነ ባለቤቱ በካሳው ዝርዝር ውስጥ የለም። መንገዱ አልነካውም ተብሏልና።

ስለዚህ እያንዳንዱ የታሰበ ቱቦ ጋ ቁሙ። ውሃው ከወጣ በኋላ የማን ማሳ ላይ እንደሚያርፍ በስም ጻፉ፣ ያንንም ሰው ጥሩ። ውሃው እስከ ወንዙ ድረስ በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ ይወሰድ? በክትር ፍጥነቱ ይቀነስ? ወይስ ወደ ኩሬ ይጠለፍ? በትግራይና በአማራ ክልሎች የመንገድ ጎርፍን ወደ እርሻና ወደ ኩሬ በመጥለፍ፣ ገረጋንቲ የተነሳበትንም ጉድጓድ ውሃ መያዣ በማድረግ ጥሩ ሥራ ተሠርቷል። ይህ በዲዛይኑ ውስጥ ቀድሞ ከገባ ወጪው ትንሽ ነው። ከተሠራ በኋላ ግን ማንም በጀት አይዝለትም።

ስለ መሬቱም እንዲሁ። የትኛው ቦታ ዋልካ እንደሆነ፣ ክረምት አብጦ በጋ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ተዳፋት እንደሚንሸራተት የሚያውቀው እዚያ ያረሰው ሰው ነው። የአፈር ናሙና በየተወሰነ ርቀት ነው የሚወሰደው፤ በመሃል ያለውን የሚሞላው የነዋሪው ዕውቀት ነው። ከጎሐ ፅዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ግን መሬቱ ስለሚንሸራተት ከተሠራ በኋላም እየተሰነጠቀና እየሰመጠ ጥገና ሲያስቸግር ኖሯል። እንዲህ ባለ ቦታ «ይሄ አቀበት በአያቴ ጊዜ ወርዶ ነበር» የሚል ሽማግሌ ሲገኝ፣ መሐንዲሱ ማስታወሻውን ያውጣ።

በመጨረሻም ካርታ ላይ የማይታየውን መዝግቡ፦ ጠበል፣ መካነ መቃብር፣ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ ደሪህ፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዋርካ፣ የበጋ ምንጭ፣ የከብት መውረጃ። የሁሉንም ቦታ በስልክ ጂፒኤስ ያዙ።

7. ስብሰባውን አጭርና እውነተኛ አድርጉ

የአንድ ሰዓት ንግግር አታድርጉ። መሐንዲሱ በሩብ ሰዓት አማራጮቹን ያሳይ፤ የቀረው ጊዜ የሰው ነው። ካርታው ትልቅ ይሁን። ሰው ወንዙን፣ ትምህርት ቤቱንና ቤተ እምነቱን እንዲለይበት ስማቸው በአካባቢው አጠራር ይጻፍ። ሰውን በአሥር በአሥር ከፍላችሁ በየካርታው ዙሪያ አስቀምጡ። በትልቅ ጉባኤ የማይናገር ሰው እዚያ ጣቱን ዘርግቶ ያሳያል።

ሊፈጸም የማይችል ቃል አትስጡ። «ልጆቻችሁ ሁሉ ሥራ ያገኛሉ» የተባለበት ስብሰባ ለዚያች ቀን ጭብጨባ ያመጣል። ከዚያ በኋላ ግን ፕሮጀክቱ በገባበት ሁሉ ያንን ቃል ይጠየቃል።

8. መልሱን በጽሑፍ መልሱ

ብዙዎቹ ውይይቶች የሚከሽፉት እዚህ ላይ ነው። አስተያየቱ ይሰበሰባል፣ «ተይዟል» ይባላል፣ ከዚያ ዝም። ይህ ሕዝቡን ከመጀመሪያው ካለመጠየቅ የበለጠ ያስቀይመዋል።

ቀላል መዝገብ ይበቃል። ሐሳቡ፣ ያነሳው ሰፈር፣ ቦታው በኪሎ ሜትር፣ የተሰጠው ውሳኔ፣ ምክንያቱ። ተቀባይነት ያላገኘውም ምክንያቱ ይጻፍ። ይህ ዝርዝር በአንድ ወር ውስጥ ወደዚያው ቀበሌ ተመልሶ ይነበብ፤ በቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይም ይለጠፍ። የዓለም ባንክ ገንዘብ ያለበት ፕሮጀክት ከሆነ የባለድርሻ አካላት ተሳትፎ ዕቅድና የቅሬታ ማቅረቢያ ሥርዓት ግዴታ ናቸው። ነዋሪው ሰነዶቹን ጠይቆ ማየት ይችላል።

9. ወሰን ማስከበርና ካሳ

ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎች (መሬታቸውን ለፕሮጀክቱ የሚለቁ ሰዎች) መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመክሩ ያዛል፤ በአስቸኳይ ለሚፈለግ መሬት ጊዜው ሊያጥር ይችላል። በቋሚነት ለሚለቀቅ የገጠር መሬት የልማት ተነሺ ካሳውን ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛውን በ15 በማባዛት እንዲሰላ ደንግጓል። ከዚያ በፊት በነበረው በአዋጅ 455/1997 ስሌቱ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳም በዚሁ ሕግ ታውቋል። አዋጁ በ2016 ስለተሻሻለ ከመሄዳችሁ በፊት ማሻሻያውንም አብራችሁ አንብቡ፤ በተለይ ከፋዩ ማን እንደሆነ የሚለውን።

ለነዋሪው አንድ ምክር አለኝ። የምርታችሁን ልክ ከወዲሁ ጻፉ፦ የዘራችሁት፣ ያገኛችሁት ኩንታል፣ የሸጣችሁበት ዋጋ። የፍራፍሬ ዛፎቻችሁን ከነዕድሜያቸው ቆጥራችሁ ፎቶ አንሱ። ንብረት የሚቆጥረው ኮሚቴ ሲመጣ ባልም ሚስትም ቁሙ፣ የተመዘገበውን አንብቡ ወይም አስነብቡ፣ ሳይገባችሁ አትፈርሙ። ያልተስማማችሁበት ነገር ካለ አቤቱታ የማቅረቢያው ጊዜ መሬቱን የማስለቀቂያው ትእዛዝ ከደረሳችሁ ጀምሮ 30 ቀን ስለሆነ አታሳልፉት።

10. ማሽኑ ከገባ በኋላ

ነዋሪውን ወክሎ ሲወያይ የቆየው የምክክር ኮሚቴ አይበተን። አቧራ፣ የፈንጂ ሰዓት፣ ተለዋጭ መንገድ፣ የተዘጋ ምንጭ፣ ሳይደፈን የተተወ የገረጋንቲ ጉድጓድ ሁሉ የሚመጡት አሁን ነው። ክረምት ላይ ውሃ በሞላ ጉድጓድ ልጅ እንዳይገባ አጥር ወዲያው ይጠየቅ። ኮሚቴው በወር አንድ ጊዜ ከተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ጋር ይገናኝ፤ ቃለ ጉባኤውም በሁለቱም ወገን ይፈረም።

የመንገዱ ጊዜያዊ ርክክብ ከተደረገ በኋላ ኮንትራክተሩ ጉድለት የሚያስተካክልበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ አንድ ክረምት ያልፋል። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ኮሚቴው በየቱቦው ይዙር። የተሸረሸረውን ማሳ፣ የተናደውን የመንገድ ትከሻ፣ የተደፈነውን ቦይ ከኪሎ ሜትሩ ጋር ፎቶ አንስቶ ለተቆጣጣሪው መሐንዲስና ለመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ያስገባ። የመጨረሻው ርክክብ ከተፈረመ በኋላ ያንን ቱቦ የማስተካከሉ ወጪ ከኮንትራክተሩ ጫንቃ ላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ደብዳቤው ከመስከረም አይለፍ።